«ትራውማ አለብሽ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ማኅበራችን በሐይፋ ባዘጋጀው የወላጆችና የወጣቶች ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ቃል ነው። ፕሮግራሙን ስናወጣ ከመካከላችን «ስለ አንድ ቃል ምሽቱን ሙሉ ምን ይወራል?» ያለ ነበር። ቃሉ ግን እናትና ልጅ አኳርፏል። ስለዚህ አንድ ምሽት ቢሰጠው አይበዛበትም ብለናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጁን 2025 ከኢራን የሚወነጨፈው ሚሳይል ሐይፋን እንቅልፍ በነሳበት ሰሞን፣ ከአባሎቻችን አንዷ ከእናቷ ጋር ሚክላት ትወርድ ነበር። ያን ሰሞን ታስታውሱታላችሁ፤ የባዛን ነዳጅ ማጣሪያ ተመትቶ ሦስት ሠራተኞች የሞቱበት ነው። ሳይረኑ አልፎ «መውጣት ይቻላል» ሲባል ሰው ሁሉ ይወጣል፤ እናትየው ግን አይወጡም። ጫማቸውን አጥብቀው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ታቅፈው ይቀመጣሉ። ልጅቷ «እማ፣ አልቋል፤ እንውጣ» ስትላቸው «ቆይ ልጄ» ይላሉ። ሌሊት ልብሳቸውን ሳያወልቁ ይተኛሉ። የጎረቤት በር ጓ ሲል ብድግ ነው። በአምስተኛው ቀን ልጅቷም እንቅልፍ አጥታ ስለነበር ተናደደችና «እማ፣ አንቺ ትራውማ አለብሽ፤ ፕሲኮሎግ ያስፈልግሻል!» አለቻቸው።

እናትየው መልስ አልሰጡም። ሁለት ቀን አላናገሯትም። በሦስተኛው ቀን ለጎረቤታቸው «አሳድጌ አሳድጌ፣ ልጄ እብድ አለችኝ» ብለው አለቀሱ።

ጎረቤትየዋ ነገሩን ወደ እኛ አመጡት። እኛም ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሆነን ቡና ተፈልቶ ተቀመጥን። ልጅቷ «እብድ አላልኳትም፤ ተጎድተሻል ነው ያልኩት» አለች። እናትየውም «እብድስ አይደለሁም። የኔ ነገር፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ነው ይህን ቃል ማገላበጥ የጀመርነው። ልጅቷም እናትየውም ያወሩት ስለ አንድ ነገር ነበር። ልጅቷ በዕብራይስጥ መንደር ቃል ጠራችው፤ እናትየው በጎንደር ተረት ጠሩት። እንዲያውም፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ አጥርተው የተናገሩት እናትየው ናቸው።

እስቲ «ትራውማ»ን ከሥሩ እንየው። ዕብራይስጥ አይደለም፤ እንግሊዝኛም አይደለም። የጥንት ግሪክ ቃል ነው፤ ትርጉሙም ቁስል ነው፣ ደም የሚፈሰው የሥጋ ቁስል። ሐኪሞች ዛሬም በዚሁ ትርጉም ይጠቀሙበታል። እዚህ ራምባም ሆስፒታል «ትራውማ» ወደሚባለው ክፍል የሚገባው በመኪና አደጋ የተሰባበረ ወይም ከፎቅ የወደቀ ሰው እንጂ ሐሳብ የገባው ሰው አይደለም። ቃሉ ከሥጋ ወደ መንፈስ የተሻገረው ቀስ በቀስ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አካላቸው ደህና ሆኖ የሚንቀጠቀጡ፣ አፋቸው የተያዘ፣ እንቅልፍ ያጡ ወታደሮች በዙ። ቻርልስ ማየርስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1915 ስለነሱ ሲጽፍ «የመድፍ ድንጋጤ» አለው። የጦር አለቆቹ ግን ብዙ ጊዜ ፈሪነት ነው ይሉ ነበር፤ በፈሪነት ተከሰው የተረሸኑም አሉ። በኛም አገር የ1973ቱ የኪፑር ጦርነት ያመጣው «ሄለም ክራቭ» የሚባለው ነገር ለብዙ ዓመታት በሹክሹክታ ነበር የሚነገረው። «ፖስት ትራውማ» የምንለው ሕመም በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መጽሐፍ ውስጥ በዚህ ስም የገባው በ1980 ነው፤ ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮች ብዙ ከጮኹ በኋላ። ሐኪሞቹ ራሳቸው ስሙ ላይ ለመስማማት ይህን ያህል ዘመን ከፈጀባቸው፣ እናቶቻችን በአንድ ቀን አልገባቸውም ብለን ባንቆጣ ጥሩ ነው።

የኛስ የወጣቶቹ አጠቃቀም? እዚህ ላይ ራሳችንን እንውቀስ። «የማቴማቲካው ባግሩት ትራውማ ሆነብኝ።» «ጸጉሬን የቆረጠኝ ሰውዬ ትራውማ ሰጠኝ።» «አስተማሪዋ ትራውማ ናት።» በቀን አምስት ጊዜ እንላታለን። ቀልድ አይቀለድ አንልም፤ ቋንቋ መጫወቻም ነው። ግን ቃሉን ለጸጉር ቆራጭ ስናውል ከርመን፣ ከጋዛ ሚልዊም የተመለሰ ወንድማችን «ትራውማ አለብኝ» ሲል በምን ጆሮ እንስማው? ከመካከላችን አንድ ልጅ ይህን ብሎ ጓደኞቹ የሳቁበት አለ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ቀልድ መስሏቸው ነው። እሱ ግን ሁለተኛ አላነሳውም።

ሌላም ስህተት አለ። ትራውማን የሆነው ነገር ስም እናደርገዋለን። «ሱዳን ትራውማ ነው» እንላለን። ሱዳን የሆነው ነገር ረሃብ ነበር፣ በሽታ ነበር፣ ሞት ነበር። ትራውማ የምንለው ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ ሰውነት ውስጥ ቀርቶ የሚሠራውን ነው። በአንድ መንገድ የሄዱ ሁለት እህትማማቾች፣ አንዷ ታሪኩን ቡና ላይ እያዋዛች ታወራዋለች፤ ሌላዋ የአሸዋ ሽታ ሲነሳባት ትታመማለች። ያቺኛዋ ጀግና፣ ይቺኛዋ ደካማ ሆና አይደለም። ዕድሜ አለ፤ ያጡት ሰው አለ፤ ከደረሱ በኋላ ያገኙት ወይም ያላገኙት ድጋፍ አለ።

አሁን ወደ አማርኛችን እንምጣ። «አማርኛ ለዚህ ነገር ቃል የለውም» የሚሉ አሉ። እኛም እንል ነበር። ወላጆቻችንን ጠይቀን መጻፍ ስንጀምር ግን ደብተር ሞላ።

ሐኪሞቹ ከሚዘረዝሯቸው ምልክቶች አንዱ ያለፈው ነገር ሳይጠሩት ተመልሶ መምጣቱ ነው። እናቶቻችን «ዓይኔ ላይ ይሄድብኛል» ይላሉ። ሌሊት ሲሆን «እባንናለሁ» ይላሉ። መባነን ከመንቃት ይለያል፤ የነቃ ሰው ጠግቦ ነው የሚነሳው፣ የባነነ ሰው ተጎትቶ ነው። ሁለተኛው ምልክት መሸሽ ነው፤ «ያን አገር ስሙን አታንሱብኝ» የሚሉ አባት ሁላችንም ቤት አሉ። ሦስተኛው መደንዘዝ፣ ደስታ ማጣት፣ ሰው መራቅ ነው፤ ለዚህ «ቀልቤ ተገፈፈ» የሚል አለን። ቀልብ የሚባለው ሐሳብም ልብም ማስተዋልም በአንድ ላይ ነው፤ ሰው ደህና ተቀምጦ ቀልቡ ሌላ አገር ሊሆን ይችላል። አራተኛው ሰውነት ሁልጊዜ ዘብ ቆሞ ማደሩ ነው። ለዚህ ያለንን ቃል ብዛት ተዉት፦ መበርገግ፣ መደንበር፣ መሳቀቅ። ትግርኛ ተናጋሪ ወላጆቻችን ደግሞ «ስንባደ» ይላሉ።

ከሁሉም «ሰቀቀን»ን ወደድናት። ድንጋጤ የአንድ አፍታ ነገር ነው፤ ይመጣል፣ ውሃ ይጠጡበታል፣ ያልፋል። ሰቀቀን ግን ይኖራል። «በሰቀቀን አደግሁ»፣ «የሰቀቀን ኑሮ» ይባላል። ገና ያልመጣውን ነገር ትናንት በመጣው ነገር ልክ መጠበቅ ነው። «ትራውማ አለብሽ» ከማለት «እማ፣ ሰቀቀኑ አልለቀቀሽም አይደል?» ማለት ይሻላል እንላለን። የመጀመሪያው ፍርድ ይመስላል፤ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

የተረቶቹ ነገር ደግሞ ያስደንቃል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ።» ለማታውቁት ልጆች፣ ልጥ ማለት ከእንጨት ላይ ተልጦ እንደ ገመድ የሚታሰርበት ቅርፊት ነው። መሬት ላይ ወድቆ ሲታይ እባብ ይመስላል። እባብ የነደፈውም ሆነ ነድፎ የገደለበት ሰው፣ ልጡን ሲያይ እግሩ ከሐሳቡ ቀድሞ ይዘላል። ልጥ መሆኑን አጥቶት አይደለም፤ እግሩ አይጠይቀውም። ዛሬ ባለሙያዎቹ ብዙ ገጽ የሚጽፉበት ነገር ይኸው ነው። ሌላም አለ፦ «በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ።» በቅሎዋ ድሮም ደንባራ ናት፤ ቃጭሉ ሲያንቃጭል ትደነብራለች፤ ስትደነብር ቃጭሉ ይብሳል፤ ሲብስ ትሮጣለች። የስልካችንን የማስጠንቀቂያ ድምፅ ስንሰማ ይህች በቅሎ ትዝ ትለናለች።

አንድ የማንስማማበት ቃል አለ። ጋዜጣና ሬዲዮ ላይ «የሥነ ልቦና ጠባሳ» ይባላል። ጥሩ አማርኛ ነው፤ ግን እስቲ አስቡት፣ ጠባሳ የዳነ ቁስል ነው። አያምም። ጠባሳ ያለው ሰው ሸሚዙን ገልጦ «ይህ ከዛፍ ስወድቅ ነው» ብሎ ያሳያል። የምናወራለት ነገር ግን ከላይ ቆዳ ለብሶ ከሥር ያለው ነው። ለሱ አማርኛ «አመረቀዘ» ይላል፤ ዳነ የተባለ ቁስል እንደገና ሲያብጥ፣ ሲግል። ለወላጆቻችን የደረሰባቸው ነገር ለአንዳንዱ ጠባሳ ሆኗል፤ ለአንዳንዱ እንዳመረቀዘ ነው። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል፤ ጠባሳውን ሐኪም ጋ መውሰድ አያስፈልግም።

አሁን የሱዳኑን ነገር በትንሹ እናንሳ፤ ያለሱ ይህ ወሬ አይገባም።

ወላጆቻችንና አያቶቻችን በሰባዎቹ መጨረሻና በሰማንያዎቹ መጀመሪያ ከጎንደርና ከትግራይ ቀዬአቸው ተነስተው፣ ብዙዎቹ በሌሊት እየሄዱ ቀን እየተደበቁ፣ በእግራቸው ሱዳን ገቡ። በገዳሪፍ አካባቢ፣ በኡም ራኩባ፣ በተዋዋ ሰፈሩ። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 መጀመሪያ በነበረው የሙሴ ዘመቻ ወደ 8,000 የሚሆኑ መጡ። ወሬው አደባባይ ሲወጣ በረራው ተቋረጠ፤ ባል እዚህ ሚስት እዚያ፣ እናት እዚያ ልጅ እዚህ ሆኖ የቀረ ብዙ ነው። እስከ ሰለሞን ዘመቻ፣ እስከ ሜይ 1991 ድረስ ያልተገናኙ አሉ። ያኔ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው መጣ። በመንገድና በሰፈር የሞቱት ወደ 4,000 ይጠጋሉ። በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን፣ በኢያር 28፣ ሄርጽል ተራራ ላይ የምናስባቸው እነሱን ነው።

ብዙ ጊዜ ስለ ሞቱት እናወራለን፤ ስለ ዝምታው ግን አናወራም። ሱዳን ውስጥ አይሁድ መሆን መደበቅ ነበረበት። ልጅ ከጎረቤት ልጅ ጋር ሲጫወት አንድ ቃል ቢያመልጠው ቤተሰብ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ልጅ መጀመሪያ የሚማረው ዝም ማለትን ነበር። የሞተ ሰው ሲኖር እንደ ወጉ ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ፣ ሰው ሰብስቦ መቅበር ያልተቻለበት ጊዜ ብዙ ነው። መርዶ እንኳ በደንቡ አልተነገረም። እዚህ ከደረሱም በኋላ «እናትህ ትመጣለች፣ መንገድ ላይ ናት» እየተባለ ዓመታት የጠበቀ አለ።

እኛ ወጣቶቹ «ወላጆቻችን አይናገሩም፣ ዝግ ናቸው» ብለን እናማርራለን። ዝምታው ግን ሕይወት ያዳነ መሣሪያ ነበር። «ሆድ ይፍጀው» ማለት ያኔ ብልሃት ነበር። ችግሩ፣ እባቡ ከሄደ በኋላም እግሩ እንደሚዘለው ሁሉ፣ አደጋው ካለፈ በኋላም አፍ ተዘግቶ መቅረቱ ነው። እናትየው ሚክላት ውስጥ የታቀፉት ጠርሙስም እንዲሁ ነው። በዚያ በረሃ ውሃ የያዘ ሰው ነበር የሚተርፈው። ጠርሙሱ ያኔ እብደት አልነበረም።

እዚህ ላይ እናትየው ለምን እንደተቀየሙ ሌላም ነገር ገብቶናል። ጋዲ ቤን-ኤዘር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በዚያ መንገድ የመጡ ወጣቶችን አነጋግሮ በ2002 መጽሐፍ አውጥቷል። ሰዎቹ ጉዟቸውን ሲተርኩ መከራውን ብቻ አይደለም የሚያወሩት ይላል፤ ማንነታቸውን ያወራሉ፣ ጀግንነታቸውንም ያወራሉ። «ትራውማ» የምትለው ቃላችን ከነዚህ ሦስቱ አንዱን ብቻ ነው የምታነሳው። በሰማንያዎቹ ሦስት ልጅ ይዛ ሽፍታ ያለበትን ጫካ ያቋረጠች ሴት፣ ልጇ የዚያን ሁሉ ስም «የተጎዳሽ» ብላ ስትጠቀልለው፣ ጀግንነቷ የት ገባ? ብንቀየምም አይፈረድብንም።

አንድ አባላችን እንዲህ ሲል ነገረን። ከሚልዊም ተመልሶ ሳሎን ይቀመጣል። አባቱም ይቀመጣሉ። ቴሌቪዥን ተከፍቷል፣ ማንም አያየውም። አባትየው «ደህና ነህ?» ይላሉ። «ደህና ነኝ።» «ወንድ ልጅ ነህ፣ አይዞህ።» አለቀ። ይህ ሦስት ወር ቀጠለ። አንድ ሌሊት ልጁ ባንኖ ሲነሳ አባቱን ወጥ ቤት አገኛቸው፤ እሳቸውም ባንነው ነበር። «አባዬ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነህ?» ቢላቸው «ከገዳሪፍ ጀምሮ» አሉት። አርባ ዓመት መሆኑ ነው። ልጁ ሲያድግ አባቱ ሌሊት የሚነሱት ለሥራ እየመሰለው ነበር።

ደግሞ ሰቀቀኑ ሁሉ ከሱዳን የመጣ አይደለም። በ2006ቱ ጦርነት፣ በጁላይ 16፣ ሮኬት እዚህ የባቡር ጋራዥ ላይ ወድቆ ስምንት ሠራተኞች ሲሞቱ ከእኛ አንዳንዶቹ መዋዕለ ሕፃናት ነበርን። በጁን 30 ቀን 2019 ሰለሞን ተካ እዚሁ ቂርያት ሐይም በሥራ ላይ ባልነበረ ፖሊስ ጥይት ከሞተ ወዲህ፣ ልጅዋ ማታ ሲወጣ በየሩብ ሰዓቱ የምትደውል እናት ስንት ናት? ወጣቶቹ «ኢማ ታፍነኛለች» እንላለን። በኦገስት 2023 ጎንደር ውስጥ ውጊያ ሲነሳና ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ እህትና ወንድም እዚያ የቀረባቸው ወላጆች ስልክ እየደወሉ «አይሠራም» የሚል ድምፅ ብቻ ሲሰሙ አድረዋል። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ኦክቶበር 7 መጣ። በበቅሎዋ ላይ ስንት ቃጭል እንደተጨመረ ቁጠሩት።

አሁን ወደ ኩፓት ሆሊሙ እንግባ፤ ቃል ስትሳሳት የምትጎዳው እዚያ ነውና።

ከመካከላችን አንዱ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለ ለአያቱ ያስተረጉም ነበር። አያቱ ለሐኪሙ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል፣ ልቤ ጥፍት ይልብኛል» አሉ። እንግዲህ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ «ባር ባር»ን በዕብራይስጥ ምን ይበለው? «ሆዷን ያማታል፣ ልቧንም ያማታል» አለ። ልባቸው በማሽን ታየ፤ ደህና ነው። ጨጓራቸው በቱቦ ታየ፤ ደህና ነው። የጨጓራ ክኒን ተሰጣቸው። አያትየው ከሳምንት በኋላ «ይህ መድኃኒት ሆዴን አልገባውም» አሉ። ስንሰማው ሳቅን፤ ግን ትክክል ነበሩ። በአማርኛ ሆድ የምግብ ዕቃ ብቻ አይደለም። ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይባባል፣ ሆድ ይሻክራል፣ ምሥጢር በሆድ ይያዛል። ዕብራይስጡ ለነዚህ ሁሉ «ልብ» ወይም «ነፍስ» ነው የሚለው። አያትየው የነገሩት የሐዘን ነገር ነበር፤ የተመረመረው ግን አንጀታቸው ነው።

ልጁ አላጠፋም። ልጅን ለዚህ ሥራ ማቆሙ ነው ጥፋቱ። ለአያቱ እንኳ ቢሆን፣ በልጅ ልጃቸው ፊት «እንዲህ ሆኜ ነበር» ብለው የማይናገሩት ነገር አለ። ልታውቁት የሚገባ ነገር ይኸው፦ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ ሆስፒታሎችና ኩፓት ሆሊሞች ሕመምተኛ በሚገባው ቋንቋ እንዲገለገል ማመቻቸት አለባቸው። በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ጠይቁ። ሊያስጠብቋችሁ ይችላሉ፤ «ልጁ ይተርጉም» ሊሏችሁም ይችላሉ፤ ደግማችሁ ጠይቁ። የሚያስተረጉመው ቤተሰብ ከሆነ ደግሞ «ባር ባር»ን ወደ ሕመም ስም አትለውጡት። የተባለውን እንደተባለ ንገሩ፤ ከዚያ «በኛ ቋንቋ ይህ የሐዘን፣ የስጋት አባባል ነው» በሉ። ሐኪሙ ይጠይቅ።

ሌሊት ላይ ጭንቅ የገባው ሰው ለኤራን በ1201 መደወል ይችላል። «እብድ ነው የሚደውለው» የሚባል ነገር አለ፤ እኛ ከዚህ አዳራሽ የደወሉ ሰዎች እናውቃለን፤ ሁሉም ነገ ጠዋት ሥራ ይገባሉ።

ወላጆቻችን ደግሞ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ልጃችሁ «ፕሲኮሎግ ጋ ልሄድ ነው» ሲላችሁ «ምን ጎድሎብህ?» አትበሉት። እኛም ጎድሎብን አይደለም። ለናንተ ቄሱ ነበሩ፣ ሽማግሌው ነበሩ፣ የሰፈሩ ቡና ነበረ፤ ሐዘን የሚወርድበት ቦታ ነበረው። እኛ አብዛኞቻችን ያን ቦታ አላገኘንም። ሽማግሌ ጋ ሄደን ዕብራይስጥ በተቀላቀለ አማርኛ ስንንተባተብ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ።

የእናትና የልጅቷን ነገር ሳንጨርስ ቀረን። ታርቀዋል። ከሁለት ወር በኋላ እናትየው ራሳቸው «እንግዲህ ውሰጂኝ» ብለው ሐኪም ጋ ሄዱ። ልጅቷ የስልክ አስተርጓሚ ልትጠይቅ ስትል «ተይው፤ አንቺ ተርጉሚው፣ አንቺም ስሚው» አሏት። ሐኪሟ ምን እንደሚያማቸው ጠየቀቻቸው። እናትየው «እባብ ያየ በልጥ በረየ» አሉ። ልጅቷ ቃል በቃል ተረጎመችው፣ ልጥ ምን እንደሆነም አስረዳች። ሐኪሟ «በኛም በፈላ ውሃ የተቃጠለ ከቀዝቃዛውም ይጠነቀቃል ይባላል» አለች። ከዚያ ፊቷን ከኮምፒውተሩ መልሳ «እባቡስ ምን ነበር?» ብላ ጠየቀች።

እናትየው ትንሽ ዝም ብለው ቆዩ፤ ከዚያ ጀመሩ። ኡም ራኩባ ላይ ስለቀበሩት የሁለት ዓመት ወንድ ልጃቸው ነበር። ልጅቷ ወንድም እንደነበራት አታውቅም ነበር። እያስተረጎመች ስለነበር ነገሩን ሁለት ጊዜ ሰማችው፤ አንዴ ከእናቷ አፍ፣ አንዴ ከራሷ።

ይህን እንድንነግራችሁ ሁለቱም ፈቅደውልናል። ዛሬም እዚሁ አሉ። ቡናው ደርሷል፤ ጥያቄ ያላችሁ ከቡናው በኋላ።